ካሴቱ ላይ ስማቸውን ጻፉ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ካሴት መቅዳት ነበር። ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ፣ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ በተሰቀለባት ጠባብ ሙዚቃ ቤት፣ ሁለት ዴክ ጎን ለጎን አስቀምጬ ከጠዋት እስከ ማታ ከአንዱ ወደ ሌላው እገለብጥ ነበር። ደንበኛ ባዶ ካሴቱን ይዞ ይመጣና «አቦ፣ የአሊ ቢራን ምርጥ ምርጡን ሙላልኝ» ይላል። የትኛውን ብዬ አልጠይቅም። ድሬዳዋ ላይ የአሊን ምርጥ ዘፈኖች የማያውቅ ቀጂ ሥራውን ለቆ ሌላ ቢፈልግ ይሻለዋል።

የምጠይቀው ስለ ካሴቱ ብቻ ነበር። ባለ ዘጠና ደቂቃውን ይዘው ሲመጡ ባለ ስድሳውን እመክራቸዋለሁ። የዘጠናው ክር ቀጭን ነው፤ በድሬ ሙቀት መኪና ውስጥ የተረሳ እንደሆነ ይላላል፣ ከዚያ ማጫወቻው ይበላዋል። የተበላ ክር አውጥቼ፣ በጣቴ አለስልሼ፣ የተበጠሰውን ቀጥዬ፣ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ እያልኩ የጠቀለልኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ ቁጥሩን አላውቀውም። አንድ ሴንቲሜትር ክር ሲቆረጥ ከዘፈኑ አንዲት ቅንጣት ትሄዳለች። ጆሮዬ ያቺን ክፍተት እስከ ዛሬ ይጠብቃታል፤ የተቀጠለውን ዘፈን በደህናው ካሴት ስሰማው እንኳ እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ልቤ ትንሽ ትደነግጣለች።

አንድ ቀን አንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ከጅቡቲ ያመጣውን ካሴት እንድገለብጥለት ሰጠኝ። «ክሪም» የሚባል የእንግሊዝ ባንድ ምርጥ ሥራዎች ስብስብ ነበር። ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ኤሪክ ክላፕተን ጊታር፣ ጃክ ብሩስ ቤዝ ጊታርና ድምፅ፣ ጂንጀር ቤከር ድራም። የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ ወስደው ከሮክ ጋር ያዋሃዱ ልጆች ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ለንደን ላይ ተገናኝተው በ1968 ተለያዩ። ስብስቡ የወጣው በ1969፣ ባንዱ ከፈረሰ በኋላ ነው።

ሙዚቃው ያዘኝ። በትልቅ ባንድ ውስጥ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይሸፍንለታል። ሦስት ሰው ብቻ ሲጫወት ግን መደበቂያ የለም። ጊታሩ ወደ ራሱ መንገድ ሲሄድ ቤዙ ዝም ብሎ አይከተለውም፣ ይመልስለታል፤ ድራሙ ደግሞ ሁለቱንም ሲጠራቸው ይሰማል። ዴኩ እየገለበጠ እኔ ቆሜ አዳመጥኩ፤ የቆመ ደንበኛም አላስተናገድኩም።

ከሙዚቃው በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የሽፋኑ ወረቀት ነው። ከየዘፈኑ ርእስ አጠገብ የደራሲው ስም በትናንሽ ፊደል ተጽፏል። ከሦስቱ ተጫዋቾች ሌላ ብራውን የሚል ስም ተደጋግሞ አየሁ። ቆይቶ ነው ፒት ብራውን የሚባል ገጣሚ መሆኑን ያወቅሁት። ጊታር አልያዘም፣ መድረክ ላይ ከእነሱ ጋር አልቆመም፤ ቃሉን ስለጻፈ ግን ስሙ አለ። ከለንደን ተነስቶ፣ ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ መጥቶ እኔ እጅ ገባ።

የዚያን ቀን ማታ መደርደሪያዬ ላይ ያሉትን የአሊ ካሴቶች አንድ በአንድ አወረድኩ። የአሊ ፎቶ አለ። የዘፈኖቹ ርእስ አለ፤ ያውም አንዱ ዘፈን በሁለት ካሴት ላይ በሁለት ርእስ ይጠራል። ዓመተ ምሕረት የለም። ጊታሩን ማን መታው? ኡዱ የማን ነው? ግጥሙን የጻፈው ማን ነው? እኔ ከነጋ እስከ መሸ የማዳምጣቸው እጆች ናቸው፤ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም ነበር። ባዶ ካሴት ላይ «የአሊ ምርጥ» ብዬ ጽፌ ስሸጥ እኔም ያንኑ ጥፋት ደግሜያለሁ። ለአሊም ሆነ ለተጫዋቾቹ አንድ ብር ከፍዬ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ዕዳዬ ስለሆነ ነው።

አሊ መሐመድ ሙሳ ድሬዳዋ ውስጥ በ1939 ዓ.ም ተወለደ። በ1950ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ከተማ በተቋቋመው አፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ገና በልጅነቱ ገባ። መጀመሪያ የዘፈናት ዘፈን የምትጠራው በ«ቢራ»፣ ክረምት አልፎ ሰማዩ ሲጠራ በሚመጣው ወቅት ነበርና ስሙ ሆና ቀረች። ቡድኑ በመንግሥት ሲታገድ አሊ አዲስ አበባ ሄዶ የክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ገባ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ያወጣው ሥራ የመጀመሪያው የአፋን ኦሮሞ አልበም እየተባለ ይነገርለታል። ከዚያ ስደት፣ ስዊድን፣ ካናዳ፣ በኋላም መመለስ። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በአረብኛ ዘፍኗል። ይህን የውጭ ሰው ሲሰማ ይገረማል። ለድሬ ልጅ ግን አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ በአንድ ከሰዓት የሚሰማው ቋንቋ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም አረፈ፤ የተቀበረውም እዚሁ በትውልድ ከተማው ነው።

ምርጥ ሥራዎቹን በወጉ ሰብስቦ ለዓለም ያቀረበለት ማን ነው? ፓሪስ ያለው ቡዳ ሙዚክ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ውስጥ 28ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የአሊ ቢራ ነው፤ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ነው። ፋልሴቶን አመሰግነዋለሁ። የእኛ ሰው የጣለውን ሸክላና ካሴት አቧራውን አራግፎ ያነሳ ሰው ነው፤ ለሙላቱ አስታጥቄም አራተኛውን ቅጽ ሰጥቶ የት እንዳደረሰው አይተናል። ቅር የሚለኝ በእሱ ሳይሆን በራሳችን ነው። የሰውየው መቃብር ያለበት፣ ዘፈኖቹ የተወለዱበት ከተማ እስካሁን አንድ የራሱን ስብስብ አላወጣም።

ወጣቶች ዩቲዩብ ላይ ሁሉም አለ ይሉኛል። አለ። ቁጭ ብዬ አዳምጬዋለሁ። የዴክ ሞተር ሲያረጅ ፍጥነቱ ይዛባል፤ ዘፈኑ ከፍጥነቱ ጋር ድምፁም ይወጣል ወይም ይወርዳል። እንዲህ ሆኖ የተገለበጠ ካሴት እንደገና ይገለበጣል፣ ሽውታው በየቅጂው ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ይጭነዋል። አንድ የምወደው የአሊ ዘፈን ከማውቀው ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ እዚያ ተቀምጧል፤ አሊ በልጅነት ድምፅ የዘፈነ ይመስላል። ሳቢያን ውስጥ ጊታር የሚማር የጎረቤቴ ልጅ ያንን ቅጂ ሰምቶ ነው የሚለማመደው። ጊታሩን ለዚያ ብሎ ወደ ላይ ሲቃኝ አየሁት። «ልጄ፣ አሊ እዚህ አልነበረም» አልኩት። ማስረጃ ግን አልነበረኝም፤ ያለኝ ጆሮዬ ብቻ ነበር። የጆሮዬ ዕድሜ ደግሞ ከእኔ ዕድሜ አይበልጥም።

ስለዚህ ምርጥ ስብስብ ማለት ተወዳጅ ዘፈኖችን አንድ ላይ ማጎር ነው የሚለውን አልቀበልም። ያንን እኔም በሁለት ዴክ ሠርቼዋለሁ። በወጉ የተሠራ ስብስብ ከዋናው ቅጂ ይነሳል፤ ዋናው ከጠፋ ወደ ዋናው ከሚቀርበው። ፍጥነቱ ይስተካከላል። መቼና የት እንደተቀረጸ ይጻፋል። ግጥሙ፣ ዜማው፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ፣ ከበሮ የመታው ማን እንደሆነ ይነገራል። ይህ ክብር ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ሥራውን የፈጠረው ሰው በሥራው እንዲጠቀም መብት ሰጥቶታል፤ የደራሲው መብት እሱ ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ነገር ግን ስሙ ካልተጻፈ የማን ወራሽ በየትኛው ወረቀት ይጠይቃል?

እኔ ብመርጥ ኖሮ ከአምስቱም ቋንቋ አስገባ ነበር፤ የአንዱ ቋንቋ አሊ ብቻ ሙሉ አሊ አይደለም። አፍረን ቀሎንም አስቀድም ነበር፤ ያለ ጓደኞቹ አሊ አሊ አይሆንም። እዚህ ከተማ ውስጥ ሠርግ ላይ በቤት ቴፕ የተቀዱ ካሴቶች አሉ። ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሴቶች እልል ሲሉ፣ ከመሀል ጊታሩ ሲገባ የሚሰማባቸው ናቸው። ሁለት ሦስቱን በእጄ ገልብጫቸዋለሁ። ስቱዲዮ ውስጥ ያልተገኘ ነገር አላቸው፤ ሰዉ ዘፈኑን ሲቀበል ይሰማል።

የከተማችን አስተዳደር የባህል ክፍልና ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ይህን አብረው ቢይዙት ከአቅማቸው በላይ አይደለም። አንድ ደህና ዴክ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ክር መጠገን የሚችል ሰው፣ የሽማግሌዎችን ቃል የሚመዘግብ ሁለት ተማሪ። ክር መጠገኑን እኔ ያለ ክፍያ እሠራለሁ፤ የቀረውን ዕዳዬንም በዚህ እቀንሳለሁ። ችኮላ ግን አለብን። የዚያ ዘመን ተጫዋቾች በሕይወት ያሉት አርጅተዋል። «ይሄ የእገሌ ጣት ነው» ብሎ ሁለት ኖታ ሰምቶ የሚለይ ሰው ሲሞት፣ ያ መልስ ከሌላ ቦታ አይገኝም።

ከእናንተም የምለምነው አለ። ገንደ ቆሬ፣ ከዚራ፣ ለገሀሬ፣ አዲስ ከተማ፣ በየቤታችሁ ቁም ሣጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር በካርቶን የተቀመጠ አሮጌ ካሴት አይጠፋም። ማጫወቻ የለኝም ብላችሁ አትጣሉት። በላዩም አትቅዱ፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሩና ደህና አድርጋችሁ አስቀምጡት። አባት ወይም እናት ካሉ አብራችሁ ቁጭ በሉና ማን እንደሚጫወት ጠይቋቸው። የነገሯችሁን ስም እዚያው ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት።