ስለ ስኳር ሕመምተኛ እግርና ስለ ሰውነቱ ክብደት

እግሩን ያመመው ሰው ሁሉ ይቀመጥ ማለት በአገራችን የቆየ ምክር ነው። እግሩ የተሰበረ ወይም የቆሰለ እንደሆነ ምክሩ እውነተኛ ነው፤ ዳሩ ግን ለስኳር ሕመምተኛ በጅምላ ሲሰጥ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ይበልጣል ብለን እናምናለን። ይህንንም አሳብ በተለይ ለደቻቱ ነዋሪዎች ለመግለጥ የተነሣነው፣ በዚህ ሠፈር ያለው አኗኗር ለሕመሙ ምቹ ሆኖ ስለ አገኘነው ነው።

የስኳር በሽታ ሳይገታ ብዙ ዓመት ሲቆይ የእግርን ነርቮች እየጎዳ ይሄዳል። ሕመምተኛው በመጀመሪያ እንደ ጉንዳን የሚወርር፣ እንደ እሳት የሚለበልብ ስሜት ይሰማዋል፤ ይኸውም ሌሊት ይብስበታል። በዚህ ጊዜ ወዳጆቹ «አረፍ በል» ይሉታል። እርሱም ቀፊራ ገበያ ለመድረስ እንኳ ባጃጅ ይጠራል፤ ከቀትር በኋላ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ጫት ይቅማል፤ ጫቱን ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ይከተለዋል፤ ማታም ቀኑን ሙሉ የተዘጋው ሆድ ሩዙንና ፓስታውን በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ክብደቱ ይጨምራል። ለአዋቂዎች በሚበዛው በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ የሰውነት ስብ ሲበዛ ኢንሱሊን የተባለው ቅመም ሥራውን በሚገባ መሥራት ያቅተዋል፤ ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ይላል፣ የነርቩም ጉዳት ይከፋል፣ በደከመው እግር ላይ የሚያርፈውም ሸክም ይበዛል። እንግዲህ ዕረፍት የተባለው ነገር ሕመሙን መልሶ ይቀልበዋል ማለት ነው።

ክብደትን ስለ መቀነስ ስንናገር አንድ የማኅበራዊ ኑሮ እንቅፋት ያጋጥመናል። በከተማችን የወፈረ ሰው «ተመችቶሃል» ሲባል፣ የከሳ ሰው ግን «ምነው፣ ምን ነካህ» ይባላል፤ በኤድስ ወረርሽኝ ዘመን የተተከለው ሥጋት ገና ከልብ አልወጣም። ሕመምተኛው የሐኪሙን ትእዛዝ ሲፈጽም ጎረቤት ያዝንለታል፣ እናትም ቅቤ ታበዛለታለች። እኛ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 5 እጅ፣ ቢቀንስ በደሙ ስኳር ላይ መልካም ለውጥ ሊያገኝ ይችላል። ዳሩ ግን ሳይጥርና ምግቡን ሳይቀንስ በራሱ የሚከሳ ሕመምተኛ ስኳሩ ከልክ አልፎ ይሆናልና ወደ ሐኪም ይሂድ።

ከሚለበልበው እግር ይልቅ ዝም ያለው እግር ይበልጥ ያስፈራናል። ሕመሙ አንድ ቀን ጸጥ ሲል ሕመምተኛው «ዳንኩ» ብሎ ይደሰታል፤ አንዳንዴ ግን ጸጥ ያለው ነርቩ ስለ ሞተ ነው። ይህን ትምህርት ዓለም የተማረው ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። ዶክተር ፖል ብራንድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1946 ጀምሮ በደቡብ ህንድ በቬሎር ከተማ ሲያክም፣ ጣቶችን የሚያሳጣው ደዌው ራሱ በልቷቸው ሳይሆን፣ ሕመም የማይሰማው ሰው ሳያውቅ ስለሚያቆስላቸው መሆኑን አስረዳ፤ በኋላም በአሜሪካ በሉዊዚያና ሲሠራ ይህንኑ እውቀት ለስኳር ሕመምተኞች እግር አዋለው። ለእኛም ትምህርቱ ሩቅ አልነበረም፤ በሐረር አቅራቢያ በጀርመኖች ዕርዳታ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው ቢሲዲሞ አለ፣ በአዲስ አበባም በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት አለ። የተለመደው ጥንቃቄ ከሥጋ ደዌው ክፍል ወደ ስኳሩ ክፍል ሳይሻገር መዘግየቱ ያሳዝነናል።

የደቻቱ ሰው የሚረግጠውን መሬት ደግሞ እናስብ። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሕዝቡም እንደ መንገድ ይሻገርበታል። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ጠርሙስና ቆርቆሮ አምጥቶ በአሸዋው ውስጥ ይቀብራል። በሙቀቱ ወራት ቀትር ላይ አሸዋውም አስፋልቱም ስሜት የሌለውን እግር ያቃጥላል፤ ባለቤቱም ውሃ የቋጠረውን ቆዳ የሚያየው ማታ ነው፣ ያውም ከተመለከተ። በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ ማውለቅ ግዴታ በመሆኑ ወፈር ያለ የጥጥ ካልሲ ማድረግ ይበጃል።

በዚህ ነገር እስላም ወገኖቻችን የታደሉ ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንብንም፤ ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ በቀን ብዙ ጊዜ እግራቸውን ይታጠባሉና። ከመታጠቡ ጋር ማየት ቢጨመርበት፣ በጣቶችም መካከል ያለው ርጥበት በጨርቅ ቢደርቅ፣ ሐኪም ከሚያዝዘው አንዱ ትልቅ ሥራ ተፈጸመ ማለት ነው። ክርስቲያኑም ማታ ከመተኛቱ በፊት እንዲሁ ያድርግ። ውስጥ እግሩን ለማየት የማይችል ሰው መስተዋት ይጠቀም፣ ወይም ልጁን ይጥራ። ጨው በጨመሩበት ሙቅ ውሃ እግርን መዘፍዘፍ ግን በእኛ በኩል የማንደግፈው ልማድ ነው፤ ሙቀቱን የማይለይ እግር ይቀቀላል። የደረቀውን ቆዳ በምላጭ መላጥም እንዲሁ።

እንግዲህ ቁስል የሌለበት ሰው ይራመድ። ፀሐይ ሳትበረታ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ፣ ዛፍ በተተከለበት በከዚራ ጎዳና፣ በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል ቢራመድ በቂ ነው። ያልለመደው በ10 ደቂቃ ይጀምር። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር ክኒን የሚውጥ ሰው ባዶ ሆዱን አይውጣ፤ ድንገት ቢያንቀጠቅጠውና ቢያልበው የሚቀምሰው ከረሜላ በኪሱ ይያዝ። ነጠላ ጫማ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጣት የሚሸፍን፣ ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጫማ ያስፈልጋል። እግር እስከ ማታ ስለሚያብጥ ጫማን ከቀትር በኋላ መግዛት፣ ከማጥለቅም በፊት እጅን አስገብቶ ጠጠር ወይም ጊንጥ አለመኖሩን መፈተሽ ነው። ቁስል የታየበት ግን ያን ዕለት አይራመድ፤ ባጃጁን ያን ጊዜ ይጥራና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለሙያ ጓደኞቻችንም አንድ ቃል አለን። በተማርንበት በውጭ አገር የስኳር ሕመምተኛ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ጫማውን ማውለቅ የተለመደ ነበር። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ጣት ተወግቶ ስኳሩ ይለካል፣ መድኃኒቱ ይጻፋል፣ ጫማው ግን አይወልቅም። ስሜትን ለመፈተን የሚያስፈልገው 10 ግራም የሚጫን ቀጭን የናይሎን ክር ነው፤ ሥራውም ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ሕመምተኛው ሳይጠየቅ ጫማውን አውልቆ ቢቀመጥ መርማሪው አያሰናብተውም ብለን እናስባለን።