መቃብሩን ማን ይጠብቀው?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ በስተምሥራቅ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር፣ 14 ሄክታር ገደማ የሚሆን የመቃብር ቦታ አለ። ኮንግሬሽናል ሴሜተሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1807 ከተከፈተ ወዲህ ከ65 ሺህ በላይ ሰዎች ተቀብረውበታል። የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ የሆኑት ምክትል ፕሬዚዳንት ኤልብሪጅ ጌሪ እዚያ ናቸው። የእርስ በርስ ጦርነቱን በፎቶግራፍ ያስቀረው ማቲው ብራዲ፣ በሰልፍ ሙዚቃው የታወቀው ጆን ፊሊፕ ሱሳና ኤፍቢአይን ለአሥርት ዓመታት የመሩት ጄ. ኤድጋር ሁቨርም እንዲሁ። ዲሲን ለረጅም ጊዜ የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን የማይዘነጓቸው ከንቲባ ማሪዮን ባሪም እ.ኤ.አ. በ2014 የተቀበሩት እዚሁ ነው።

ዝና ግን መቃብር አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ግቢውን ሣርና ሐረግ ዋጠው። ሐውልቶች ተጋደሙ፣ ግንበኛ የሠራቸው የመቃብር ክፍሎች ፈረሱ፣ ሲመሽ የሚገባበት ሰው ጉዳዩ ሌላ ሆነ። ቦታውን ለመታደግ በ1976 አንድ ማኅበር ቢቋቋምም አቅሙ ከሥራው ጋር አልተመጣጠነም። በ1997 የአሜሪካ ብሔራዊ የቅርስ ጥበቃ ባለአደራ ቦታውን በአገሪቱ እጅግ አደጋ ላይ ከወደቁ 11 ታሪካዊ ስፍራዎች ተርታ አሰፈረው።

ያዳኑት ውሾች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ውሻቸውን የሚያናፍሱበት ሜዳ ያጡ የሰፈሩ ነዋሪዎች ወደ ግቢው መግባት ለመዱ። ሣሩ ሲያስቸግራቸው ገንዘብ አዋጥተው አሳጨዱ። መዋጮው ቆይቶ ደንብ ያለው ማኅበር ሆነ፤ አባል ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላል፣ ውሻውን ያስመዘግባል፣ የውሻውን ቆሻሻ ያነሣል፣ ቀብር ሲኖር ደግሞ ከአካባቢው ይርቃል። ዛሬ አባል ለመሆን ወረፋ መያዝ ግድ ነው። ከዚህ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለግቢው ዓመታዊ ወጪ ጉልህ ድርሻ አለው። የአሜሪካ ምክር ቤትና ሌሎች ለጋሾችም ገንዘብ መድበዋል።

ውሻና መቃብር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲነሡ የአገራችን ሰው ፊቱን ያጨፈግጋል። ቢያጨፈግግም አይፈረድበትም። በእኛ ወግ ውሻ ቤተክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ገባ ማለት ነውር ነው፤ ይህን ካላከበረ እቅድ ምንም አይጠበቅም። ከዲሲ የሚወሰደው ትምህርት ግን ውሻው አይደለም። ውሻ ያለው ሰው ጠዋት ማታ፣ ዝናብም ይሁን በረዶ፣ ከቤቱ ይወጣል። ሐውልት ሲጋደም መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። ሌባ የሚፈራውም እሱን ነው። መቃብሩ ያጣው ነገር አጥር ወይም ዘበኛ ሳይሆን በየዕለቱ የሚመላለስ ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግቢው ብዙ አይቷል። አረሙንና መርዛማውን ሐረግ እንዲግጡ እ.ኤ.አ. በ2013 ፍየሎች ተሰማሩበት። የንብ ቀፎ ተተከለ፣ ማሩ ይሸጣል። የመጽሐፍ ንባብ ክበብ አለ፣ በመቃብሮቹ መካከል የሚሮጥበት ዓመታዊ ውድድርም አለ። ይህ ሁሉ ሆኖ ቀብሩ አልቆመም፤ ቦታው ዛሬም ሬሳ ይቀበላል፣ ፍትሐትም ይደረግበታል።

ኮፐንሃገን ደግሞ ነገሩን በማዘጋጃ ቤት ውሳኔ ነው የሄደችበት። ኖሬብሮ በሚባለው ሕዝብ በተጨናነቀበት ሰፈር ያለው አሲስተንስ መቃብር እ.ኤ.አ. በ1760 የተከፈተው ከከተማዋ ቅጥር ውጭ ለድሆች ነበር። ሀብታሞቹ የመጡት በኋላ ነው። ፈላስፋው ሰረን ኪርክጋርድ፣ ተረት ጸሐፊው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰንና የፊዚክስ ሊቁ ኒልስ ቦር እዚያ አርፈዋል። ሰፈሩ መናፈሻ የለሽ ነበርና ነዋሪው ብርድ ልብስ ይዞ ገብቶ ፀሐይ መሞቅ ለመደ። ከተማው ከሰው ጋር ግብ ግብ አልገጠመም፤ ቦታውን ከፋፈለው። የቅርብ ጊዜ መቃብር ያለበት ክፍል የጸጥታ ክፍል ሆነ፣ ቤተሰብ የማይጠይቀው የቆየው ክፍል ቀስ በቀስ ወደ መናፈሻነት ተለወጠ፣ በዛፎቹ መካከል የብስክሌት መንገድ አለፈ። አንደርሰን መቃብር አጠገብ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ እናት ማየት ብርቅ አይደለም።

የለንደን መንገድ ሕግ ነው። ከኮሌራ ወረርሽኞች በኋላ በ1850ዎቹ የከተማዋ መሀል መቃብሮች ተዘጉ። ባዶ መሬት የሚያዩ የቤትና የባቡር ሐዲድ ሠሪዎች ወዲያው ዐይናቸውን ጣሉ። ፓርላማው በ1884 ባወጣው ሕግ ግን አገልግሎት ያቆመ መቃብር ላይ፣ ቤተክርስቲያንን ለማስፋት ካልሆነ በስተቀር፣ ሕንፃ መሥራት ተከለከለ። ዛሬ የለንደን ሠራተኛ ምሳውን የሚበላባቸው ትንንሽ አረንጓዴ ቦታዎች ብዙዎቹ የዚያ ሕግ ልጆች ናቸው። በምሥራቅ ለንደን ያለው የታወር ሃምሌትስ መቃብር ከ1841 እስከ 1966 ድረስ 350 ሺህ ያህል ሰው ተቀብሮበታል፤ አብዛኛው ድሃ ነበር። ከ1990 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ይዘውት አሁን የተፈጥሮ መጠበቂያ ነው፤ ተማሪዎች ስለ ነፍሳትና ስለ ዕፅዋት የሚማሩት እዚያ ገብተው ነው።

በኒውዮርክ የተደረገው ይበልጥ ልብ ይነካል። የሃርት ደሴት ከ1869 ጀምሮ ጠያቂ የሌላቸው ሰዎች የሚቀበሩበት ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አርፎበታል። ለረጅም ዘመን ደሴቱን ያስተዳድር የነበረው የማረሚያ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ቆፋሪዎቹ እስረኞች ነበሩ፤ የልጇን መቃብር ልታይ የምትፈልግ እናት በእስር ቤት አሠራር ውስጥ ታልፍ ነበር። በ2021 ቦታው ለከተማዋ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ተላለፈ። መሬቱም ሙታኑም አልተነኩም፤ የተቀየረው ቁልፉን የያዘው እጅ ነው።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ከመሀል ከተማ አጥቢያዎች በአንዱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጓሮ የዞረ ሰው የሚያየውን ያውቃል። ሐውልት በሐውልት ላይ ተደርድሯል፤ መተላለፊያ የለም። የፎቶግራፉ መስታወት ተሰብሯል፣ ብረቱ ዝጓል፣ በእብነ በረዶቹ መሀል አረሙ ሰው ያክላል። መሬት ሲያልቅ ፉካ ተሠራ፤ ፉካውም ሞላ። ከዚያ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ቦታው ለልማት ስለተፈለገ ቤተሰብ እስከዚህ ቀን ድረስ መጥቶ ዐፅም እንዲያነሣ የሚል። ያልመጣው ዐፅም በአንድ ጉድጓድ ይሰበሰባል። በቦታውም ብዙውን ጊዜ የሚከራይ ሕንፃ ይነሣል።

አጥቢያዎቹን መውቀስ ይቀላል፤ ግን ምክንያት አላቸው። ካህናት ደመወዝ ይፈልጋሉ፣ አዲስ ሬሳ መሬት ይፈልጋል፣ የሞተ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ለሐውልት እንጂ ለጥበቃ አይከፍልም። በውጭ አገር ያለው ዘመድ በዚህ ይብሳል። ሬሳ ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ በብዙ ወጪ ወደ አገር ቤት ይላካል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ በዓመቱ የሚያምር እብነ በረድ ይቆማል። ከዚያ ልጆቹ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ድንጋዩ ብቻውን ይቀራል። ማስታወቂያው የሚለጠፈው እነሱ በማያዩት በር ላይ ነው።

ሕያዋን ከሙታን ጋር አንድ ግቢ መጋራታቸው ለኢትዮጵያ ከውጭ የሚመጣ ሐሳብ አይደለም። ሰንበቴ የሚበላው፣ ጽዋ የሚጠጣው በቤተክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከመቃብር አጠገብ ነው። የአብነት ተማሪው ቅኔውን የሚዘርፈውና ዜማውን የሚያዜመው በዐፀዱ ዛፎች ሥር ነው። በአዲስ አበባ ባለጸጎች በመቃብራቸው ላይ ያሠሯቸው መቃብር ቤቶች ለመነኮሳትና ለጠዋሪ የለሽ ሽማግሌዎች መጠለያ ሆነው ኖረዋል። በሐረር ጀጎል ውስጥ ዩኔስኮ የመዘገባቸው 102 አድባራተ ቅዱሳን፣ የሐረር ሰው አዋች የሚላቸው፣ በየሰፈሩ መሀል ናቸው፤ ሰው ይሰበሰብባቸዋል፣ ይጸልይባቸዋል፣ ቡና ይጠጣባቸዋል።

በደቡብ ጎንደር ደግሞ ደኑ ራሱ ምስክር ነው። የእርሻው መሬት ሲራቆት ወይራው፣ ጽዱና ዝግባው የቀሩት በቤተክርስቲያን ዙሪያ ነው፤ ምእመናን የሚቀበሩትም በዚያው ጥላ ሥር ነው። በልብ ወለዶቹ አንባቢ የሚያውቀው የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው፤ ከአጥቢያዎቹና ከውጭ ባልደረቦቹ ጋር በመተባበርም በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርጓል። ካቡ የሚከለክለው ከብትን ነው። ደኑን እስከዚያ ያቆየው ግን በየሰንበቱ የሚመላለሰው ሰው ነበር። ከተማው ከገጠሩ የወረሰው ቀብሩን እንጂ ዛፉን አይደለም።

አዲስ አበባም ቢሆን ናሙና አላጣችም። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ውስጥ አስጎብኚ እየመራ በመቃብሮቹ መካከል ታሪክ ይተርካል። በ1953 ዓ.ም. የተቀበሩት ሲልቪያ ፓንክረስት፣ በ1998 ዓ.ም. የተቀበረው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በ2001 ዓ.ም. የተቀበረው ጥላሁን ገሠሠ በአንድ ቅጥር ውስጥ ናቸው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዐፅም ደግሞ በ1993 ዓ.ም. በካቴድራሉ ውስጥ አርፏል። ሰው ስለሚገባ ግቢው ይጠረጋል። ታዋቂ ያልተቀበረበት አጥቢያ ይህን ዕድል ለምን ያጣል?

ከተማዋ በእነዚህ ዓመታት ለመናፈሻ ብዙ ገንዘብ አፍስሳለች። አንድነት፣ ወዳጅነትና እንጦጦ ፓርኮች ተከፍተዋል፣ የወንዝ ዳርና የኮሪደር ልማቱ ቀጥሏል። እነዚህ ግን ታቅዶ የሚኬድባቸው ቦታዎች ናቸው። አንድ አሮጊት ከቤታቸው ወጥተው በእግራቸው የሚደርሱበት፣ አግዳሚ ወንበርና ጥላ ያለው ጸጥተኛ ግቢ በየሰፈሩ የለም። የመቃብር ግቢ ግን በየሰፈሩ አለ።

ሥራው ከመዝገብ ይጀምር። ማን የት እንደተቀበረ፣ ድንጋዩ ላይ ምን እንደተጻፈ፣ ተጠሪ ቤተሰብ ማን እንደሆነ በፎቶግራፍና በካርታ ይያዝ፤ ይህን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በስልካቸው ሊሠሩት ይችላሉ። ቀጥሎ መተላለፊያ ይከፈት። ተጠሪ የሌለውና የፈረሰው ሐውልት፣ ስሙ በአንድ የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ተጽፎ፣ ዐፅሙ ካለበት ሳይነሣ፣ ድንጋዩ ይነሣና በላዩ ወይራ ይተከል። አዲስ ሐውልት በቁመትና በስፋት ይገደብ። ሰዓት ይወሰን፤ ቀብር፣ ቅዳሴና ተዝካር ባለበት ጊዜ ግቢው የለቀስተኛና የምእመን ብቻ ይሁን። ኳስ፣ ጫትና ከፍተኛ ድምፅ ይከልከሉ። በመቃብር ቤቶች የሚኖሩ አቅመ ደካሞች ከማንም በፊት ይጠየቁ፤ ግቢ ማሳመር እነሱን ማፈናቀያ ከሆነ ባይሠራ ይሻላል።

ገንዘቡስ? እድሮች ለቀብር ከሚያወጡት ላይ ለጥበቃ ትንሽ ድርሻ ሊመድቡ ይችላሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ለችግኝ፣ ለውኃና ለመብራት ሊተባበር ይችላል፤ በምላሹ አጥቢያው ግቢውን ለሰፈሩ ሰው ይከፍታል። የሙስሊምና የሌሎች ቤተ እምነቶች መቃብሮችም በየራሳቸው ሥርዓት ሊያስተካክሉት የሚችሉት አሠራር ነው። ከሁሉ በላይ እንደ ለንደኑ ያለ ሕግ ያስፈልጋል። አገልግሎቱን የጨረሰ መቃብር ላይ የሚከራይ ሕንፃ እንዳይሠራ የሚከለክል፣ ዐፅም ከመነሣቱ በፊትም በቂ ጊዜና ለውጭ ነዋሪው ጭምር የሚደርስ ማስታወቂያ የሚያስገድድ።

ሕጉ እስኪወጣ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። በውጭ አገር ያላችሁ፣ ለወላጆቻችሁ ሙት ዓመት ለእብነ በረድ ከምትልኩት ገንዘብ ጥቂቱን ለግቢው ጥበቃ አድርጉት፤ ስልክ ቁጥራችሁንም በአጥቢያው መዝገብ አስፍሩ። አገር ቤት ያላችሁ፣ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ ስትወጡ በመቃብሩ በኩል ዙሩና የተጋደመውንና የተሰበረውን ለሰበካ ጉባኤው ተናገሩ።