ነጩን ሲነቅፍ ጭብጨባ፣ ጥቁሩን ሲነቅፍስ?

ስለ አፍሪካ የፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ በተነሣ ቁጥር የማይቀር አንድ ዜማ አለ። "ፀረ ቅኝ ግዛት ነው" ይባልና ይታለፋል። ነው እንጂ! ለመሆኑ ግን ባንዲራው ከተለወጠ በኋላ ደራሲዎቹ የት ገቡ? እኔን የሚከነክነኝ ይኸ ነው።

እስቲ ሁለት ካሜሩናውያንን እንይ፤ ፈርዲናንድ ኦዮኖንና ሞንጎ ቤቲን። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1956 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ) ዝነኛ ልብ ወለድ አሳተሙ። ኦዮኖ በአንድ የቤት አሽከር ማስታወሻ የፈረንሳይ ሹማምንትን ገመና ዘረገፈው። ቤቲ ደግሞ የሚሲዮኑን ጉድ አደባባይ አወጣ።

በ1960 ነጻነት መጣ። ኦዮኖ አምባሳደር፣ ኋላም ሚኒስትር ሆነ፤ ልብ ወለድ ማሳተሙም በዚያው ቀረ። ሰውየውን ልወቅስ አይደለም፤ የእንጀራ ነገር ነው። ቤቲ ግን በስደት ሩዋን ከተማ ያስተምር ነበር። በጥር 1971 የአማጺዎቹ መሪ ኤርነስት ዉዋንዲዬ ባፉሳም ውስጥ በአደባባይ ተረሸነ። ቤቲም የፕሬዚዳንት አሂጆን አገዛዝና ከጀርባው የቆመችውን ፈረንሳይን የሚያጋልጥ መጽሐፍ በ1972 አወጣ። ማን አገደው? የያውንዴ መንግሥት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የፓሪሱ የአገር ግዛት ሚኒስትር ነው! ያቺ የነጻነት እናት ነኝ ባይ አገር መጽሐፉን ከየመደብሩ አስለቀመችው።

ሰውየው ምን አደረገ? የታገደበትን ጉዳይ በልብ ወለድ መልሶ ጻፈው። በ1974 "ፔርፔቱ" እና "ሪሜምበር ሩበን" ወጡ። "ኦሮማይ" የደረሰበትን የሚያውቅ የኛ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም። ታዲያ እነዚህን መጻሕፍት ስለ እገዳው ሳያነሡ "ጭብጥ፣ ገጸ ባሕርይ፣ ሴራ" እያሉ ማስተማር ምን የሚሉት ትምህርት ነው? ደራሲው ለምን ወደ ልብ ወለድ እንደዞረ ያልተነገረው ተማሪ የፔርፔቱን ሞት የቤተሰብ ጣጣ ብቻ አድርጎ ቢያነበው ይፈረድበታል? የነጩን ግፍ ማስተማርማ ቀላል ነው፤ ዛሬ በሥልጣን ላይ ያለ ማንም አይቆጣም።

ቤቲ አገሩን ዳግመኛ የረገጠው በ1991 ነው፤ ከ32 ዓመት በኋላ። በ1994 ያውንዴ ውስጥ የመጻሕፍት መደብር ከፈተ። ያን ጊዜ የካሜሩን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማን ነበር ቢሉ፣ ፈርዲናንድ ኦዮኖ።