ፎቶው ያልነገረን

ሲያትል የምትኖረው አክስቴ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አንድ ፎቶ ትልካለች። ከእኛ ሳሎን በማይበልጥ ግቢ ውስጥ እንደ ፍም የቀላ ዛፍ። የጃፓን ሜፕል ይባላል። እናቴ ባየችው ቁጥር ልቧ ይሸፍታል። አምና ታዲያ አክስቴ «እንኪ እትዬ» ብላ ዘሩን በሰው ላከችላት። እናቴም ቦታ እንዲገኝ ብላ ስንት ዓመት የኖረውን ጌሾ አስነቀለች። ከዘሩ ግን አንዲትም አልበቀለች።

እኔም የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዘግይቼ መጠያየቅ ጀመርኩ። ለካ ዘሩ ከመብቀሉ በፊት እርጥበት ባለው ብርድ ውስጥ ሦስት ወር ያህል መቆየት አለበት። «ፍሪጅ ውስጥ እናስቀምጠዋ!» አለች እናቴ። እሺ፣ ዘሩስ ፍሪጅ ይገባል፤ ዛፉስ? ሜፕል የጃፓን፣ የኮሪያና የቻይና ልጅ ነው። በየዓመቱ ቅጠሉን አራግፎ በረጅም ብርድ ማረፍ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ የኅዳር ብርድ ደግሞ ሌሊት ቆንጥጦ ቀን ይለቃል። ደግሞም ብዙዎቹ የተመረጡ ዝርያዎች የሚራቡት በማዳቀል ስለሆነ ከዘር የሚበቅለው እናቱን ላይመስል ይችላል። በዚያ ላይ ዘር ያለ ጤና ማረጋገጫ ከአገር አገር ማዘዋወር በሽታና ተባይ ማስገባት ሊሆን ይችላል። ይሄን ማንኛችንም አላሰብነውም።

ዛፉን እየነቀፍኩ አይደለም። ሲያትል ላይ ለጠባብ ግቢ የሚሆን ዛፍ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ አንዳንዱ ዝርያ ከሁለትና ሦስት ሜትር እምብዛም አያልፍም። ውሃ የማይተኛበት አፈርና የከሰዓት ጥላ ካገኘ ይበቃዋል። አክስቴም ቦታውን አይታ፣ ጠይቃ ነው የተከለችው። እኛ ግን ያየነው ፎቶውን ብቻ ነው። ፎቶው የጥቂት ሳምንት ውበት ያሳያል እንጂ ዛፉ ራቁቱን የሚቆምበትን የክረምት ወራት አያሳይም።

እንደ እኔ እንደ እኔ ጠባብ ግቢ ያለው ሰው ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ አለበት፤ ለስህተት የሚሆን ትርፍ ቦታ የለውማ። አንድ ዛፍ ለመትከል አንዱን መንቀል ግድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ያምራል ወይ?» ከማለታችን በፊት «እዚህ ይኖራል ወይ?» እንበል። የተነቀለውስ ምን ይሰጠን ነበር? የእኛ ጌሾ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ እያብለጨለጨ ለጠላውም ለጠጁም ይደርስ ነበር። አሁን ጎረቤት ጌሾ ሲቸግረው ወደ እኛ መምጣቱን ትቷል።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ እዚያው ጉድጓድ ላይ የጌሾ ችግኝ እንተክላለን። የአክስቴንም ፎቶ ሳሎን ሰቅለነዋል፤ እዚያ ያምርበታል።