የፕሬዚዳንቱ ወረቀት የማን ነው?

ዲሴምበር 10 ቀን 1971 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን እና የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀመንበሩ አርተር በርንስ በስልክ ተነጋገሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በርንስ ማዕከላዊ ባንኩ ለንግድ ባንኮች የሚያበድርበት ወለድ ወደ 4.5 በመቶ መውረዱን አበሠሩ። በቀጣዩ ማክሰኞ የሚሰበሰበው የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴም ከዚህ የጠነከረ እርምጃ እንዲወስድ እንደሚሹ ገለጹ። ፕሬዚዳንቱ ደስ አላቸው፤ ሊቀመንበሩ የኮሚቴውን አባላት ገፋ አድርገው እንዲመሩም አደፋፈሯቸው። ምርጫው አሥራ አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

የዚያን ጊዜው የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይህን አይናገርም። እዚያ የሚነበበው 6 በመቶ ገደማ ስለደረሰው ሥራ አጥነት፣ ስለ ብድር ፍላጎትና ስለ ገንዘብ አቅርቦት የተደረገ የባለሙያ ክርክር ነው። የስልኩ ንግግር የተገኘው ኒክሰን ከፌብሩዋሪ 1971 እስከ ጁላይ 1973 በድብቅ ካስቀረጹት ወደ 3,700 ሰዓት ከሚጠጋ የድምፅ ቅጂ ውስጥ ነው። ያ ቅጂ ተርፎ ለተመራማሪ ባይደርስ ኖሮ፣ የማዕከላዊ ባንክ ነጻነት ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ከሚያስተምሩ ማስረጃዎች ዋነኛው በጠፋ ነበር። ሊጠፋም ተቃርቦ ነበር። የፕሬዚዳንት መዛግብት ጉዳይ ለታሪክ ጸሐፊዎች ብቻ የሚተው ነገር አለመሆኑ ከዚህ ይጀምራል፤ ሥልጣን በሕዝብ ገንዘብ ላይ ያደረገውን ሁሉ ዘግይቶም ቢሆን ሒሳብ የሚያወራርድ ተቋም ነውና።

አሜሪካ ይህን ተቋም ከመሥራቾቿ አልወረሰችውም። ጆርጅ ዋሽንግተን ሥልጣን ሲለቁ ወረቀታቸውን ጠቅልለው ወደ ማውንት ቨርነን ወሰዱ፤ ተከታዮቻቸውም እንዲሁ አደረጉ። የፕሬዚዳንት ደብዳቤ እንደ ፕሬዚዳንቱ ኮትና ባርኔጣ የግል ንብረት ሆኖ ተቆጠረ። ንብረቱ ለወራሽ ሲያልፍ ዕጣው በወራሹ ፈቃድ ላይ ወደቀ። የሚላርድ ፊልሞር ልጅ የአባቱ ወረቀቶች እንዲቃጠሉ በኑዛዜው አዘዘ። የዋረን ሃርዲንግ ባለቤት ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ብዙ ሰነድ ለእሳት ዳረጉ። የአብርሃም ሊንከን ልጅ ሮበርት ደግሞ የአባቱን መዛግብት ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ቢሰጥም፣ እርሱ ራሱ ከሞተ 21 ዓመት እስኪሞላ ድረስ እንዳይከፈቱ አሰረ። የተከፈቱት በጁላይ 1947፣ ሊንከን ከተገደሉ ከ82 ዓመት በኋላ ነው።

ልማዱን መለወጥ የጀመሩት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው። በ1939 ወረቀታቸውን ለመንግሥት ለመስጠት ወሰኑ፤ በሃይድ ፓርክ የተሠራውም ቤተ መጻሕፍት በጁን 1941 ተመረቀ። በ1955 የወጣው ሕግ ለተከታዮቹ ፕሬዚዳንቶችም ይህንኑ መንገድ ከፈተ፤ ሕንጻው በግል መዋጮ ይሠራል፣ መዝገቡን ግን ብሔራዊው ቤተ መዛግብት ይጠብቃል። ሆኖም ነገሩ ሁሉ ስጦታ ነበር። ሰጪው የሚሰጠውን ይመርጣል፣ የሚሰጥበትንም ሁኔታ ይወስናል፤ ከፈለገም አይሰጥም።

ይህ ክፍተት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የታየው በ1974 ነው። ኒክሰን በኦገስት 9 ሥልጣን ለቀቁ። በሴፕቴምበር 8፣ ጄራልድ ፎርድ ይቅርታ ባደረጉላቸው በዚያው ዕለት፣ ከመንግሥት አጠቃላይ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ከአርተር ሳምፕሰን ጋር የተደረገ ስምምነት ይፋ ሆነ። በስምምነቱ መሠረት ኒክሰን ከአምስት ዓመት በኋላ የፈለጓቸው ቴፖች እንዲደመሰሱ ማዘዝ ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ከሞቱ ደግሞ ቴፖቹ በሙሉ እንዲጠፉ ተወስኖ ነበር። በዚያን ጊዜ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት የዚሁ መሥሪያ ቤት ንዑስ ክፍል ነበር። የመዝገብ ጠባቂው አለቃ በፕሬዚዳንት የተሾመ ባለሥልጣን ሲሆን፣ መዝገቡ በአንድ ፊርማ ሊሸጥም ሊለወጥም ይችላል ማለት ነው።

ኮንግረስ ፈጥኖ ተነሣ። በዲሴምበር 1974 በወጣ ሕግ የኒክሰን ቴፖችና ሰነዶች በመንግሥት እጅ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1977 ሕጉን በ7 ለ2 ድምፅ አጸናው። በ1978 የጸደቀውና ከጃኑዋሪ 20 ቀን 1981 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የፕሬዚዳንት መዛግብት ሕግ ጉዳዩን ከሥሩ ለወጠው። ፕሬዚዳንት በሥራው ላይ የሚያፈራው ወረቀት ከተጻፈበት ደቂቃ ጀምሮ የአሜሪካ ሕዝብ ንብረት ሆነ። ለአሮጌው ልማድ የተከፈለው ዋጋም በቁጥር ይታወቃል፤ ለተወሰደው ንብረት ካሣ እንዲሆን መንግሥት በ2000 ለኒክሰን ወራሾች 18 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ለመሆኑ ሕዝቡ በዚህ ዋጋ ምን ገዛ? የበርንስ ነገር አንዱ መልስ ነው። ኒክሰን በ1960 በጆን ኬኔዲ የተሸነፉት በከፊል ገንዘብ በመጥበቁ እንደሆነ ያምኑ ነበር፤ ያን ጊዜ አደጋውን አስቀድመው ያስጠነቀቋቸውም በርንስ ራሳቸው ነበሩ። ቴፖቹ በ1971 ሁለተኛው ዙር እንዴት እንደተሠራ ያሰማሉ። ማባበሉ፣ ማሳሰቡ፣ ስለ ቦርድ ሹመት የሚደረገው ምክክር ሁሉ አለበት። ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት የአጭር ጊዜ ወለድ በኦገስት 1971 ከ5 በመቶ በላይ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 1972 ወደ 3 በመቶ ገደማ ወርዷል። በኖቬምበር ኒክሰን ከ50ው ግዛቶች 49ኙን አሸነፉ። በ1972 መጨረሻ ከ4 በመቶ በታች የነበረው ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት በ1974 መጨረሻ ከ12 በመቶ በላይ ደረሰ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግሽበቱን የወለደው ያ ስልክ ብቻ ነው የሚል ኢኮኖሚስት የለም። የ1973ቱ የነዳጅ ዋጋ መናር፣ የምግብ እጥረቱ፣ በኦገስት 1971 የታወጀው የዋጋ ቁጥጥር ኋላ ሲነሣ የታፈነው መፍረጡ፣ የዚያ ዘመን ሞዴሎች ስሕተትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በርንስ ራሳቸው ግሽበት በዋናነት ከደመወዝና ከወጪ የሚመጣ መሆኑን በቅንነት ያምኑ ነበር የሚሉም አሉ። ይሁን እንጂ ይህን ክርክር በማስረጃ ማካሄድ የተቻለው ቴፖቹ ስላሉ ነው። በ2006 ኢኮኖሚስቱ በርተን ኤብራምስ ከቴፖቹ የለቀሙትን ማስረጃ ሲያሳትሙ፣ ለብዙ ዓመት በጥርጣሬ ብቻ ሲነገር የቆየው ጫና በድምፅ የሚሰማ ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይከፋል። በ1971 የበጋ ወራት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ባለሙያዎች የሥራ አጥነት ቁጥርን ለዋይት ሐውስ በማይመች መንገድ ተረጎሙት። ኒክሰን በቢሮው ውስጥ በእርሳቸው ላይ የሚያሤሩ አይሁዳውያን አሉ ብለው አመኑ፤ በኃላፊነት ላይ ያሉት እንዲቆጠሩም አዘዙ። ረዳታቸው ፍሬድ ማሌክ ቆጥረው በማስታወሻ አቀረቡ፤ ባለሙያዎችም ከቦታቸው ተነሡ። ነገሩ ይፋ የወጣው በ1988 ሲሆን፣ ማሌክ በዚያን ጊዜ በሪፐብሊካን ፓርቲ የነበራቸውን ኃላፊነት ለቀቁ። አንድ መንግሥት ቁጥር የሚያወጡ ሰዎችን በዘራቸው ሲለቅም የሚያሳይ ወረቀት በማኅደር ውስጥ ባይቆይ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነጻነት ለምን በሕግ መታጠር እንዳለበት ማስረዳት ምንኛ ይከብድ ነበር!

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ግን አንድ ጉድለት አለ፤ ሒሳቡ እጅግ ይዘገያል። የ1971 ንግግሮች በብዛት ሲከፈቱ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ሊሞላ ነበር፤ በርንስ በ1987፣ ኒክሰን በ1994 ዐርፈዋል። በግሽበት ቁጠባው የተበላበት ጡረተኛም አብዛኛው አልፏል። የ1978ቱ ሕግ ይህን አሳጥሯል። ፕሬዚዳንቱ ከለቀቀ ከአምስት ዓመት በኋላ ማንኛውም ሰው ሰነድ መጠየቅ ይችላል፤ ፕሬዚዳንቱ የተወሰኑ ዓይነቶችን ማስከልከል የሚችለው እስከ 12 ዓመት ነው። በወረቀት ላይ መልካም ነው። በምስጢር የተመደበው ሰነድ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ተመርምሮ እስኪለቀቅ ከዚያ ብዙ ያልፋል። መርማሪው ጥቂት፣ ወረቀቱ ብዙ ነውና።

ከዚህ የሚበረታው ተቃውሞ ሌላ ነው። ሁሉ ነገር ነገ የሚነበብ ከሆነ ዛሬ ማን በግልጽ ይጽፋል? ተቃውሞው መሠረት አለው። ከኒክሰን በኋላ የመጡ ፕሬዚዳንቶች ያን የመሰለ መቅረጫ ዳግመኛ አልዘረጉም። የመጻፍ ዋጋ ሲወደድ ንግግር ወደ ርካሹ ገበያ ይሄዳል፤ ወደ ኮሪደር፣ ወደ ግል ስልክ፣ ተነቦ ወደሚጠፋ መልእክት። አንድ ሕግ ማኅደሩን የሕዝብ ሲያደርገው ማኅደሩ ባዶ እንዲሆን የሚገፋፋ ኃይልም አብሮ ይፈጥራል። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ባለቤትነቱን መመለስ አይደለም። ሐቀኛ ወረቀት በሳሎን ውስጥ ተቃጥሎ ከቀረ፣ ሐቀኛ መሆኑ ለማን ይጠቅማል? የሚከተለው መደምደሚያ ባለቤትነት ብቻውን አይበቃም የሚል ነው፤ የመጻፍ ግዴታና የሚያስከብረው ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ሕጉ የሚደክመውም በዚሁ ነው። በአብዛኛው የሚተማመነው በፕሬዚዳንቱ በጎ ፈቃድ ላይ ነው። በጃኑዋሪ 2022 ቤተ መዛግብቱ ከአንድ የቀድሞ ፕሬዚዳንት የፍሎሪዳ መኖሪያ 15 ካርቶን ሰነድ ያስመለሰው ለወራት ከተጠየቀና ከተለመነ በኋላ ነበር። ከሳምፕሰን ስምምነት በተገኘ ትምህርት ቤተ መዛግብቱ በ1985 ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ቢሆንም፣ የመዛግብቱ ዋና ጠባቂ የተወሰነ የሥራ ዘመን የላቸውም። በፌብሩዋሪ 2025 ዋና ጠባቂዋ ኮሊን ሾገን በፕሬዚዳንቱ ተሰናበቱ። የፕሬዚዳንቱን ወረቀት ጠባቂ ፕሬዚዳንቱ ማሰናበት ከቻለ፣ የ1974ቱ ክፍተት ተጠበበ እንጂ አልተዘጋም።

ስለዚህ ሦስት ማሻሻያዎች ተገቢ ናቸው። አንደኛ፣ ለመዛግብቱ ዋና ጠባቂ ከአንድ ፕሬዚዳንት ዘመን የሚረዝም፣ ያለ በቂ ምክንያት የማይነካ የሥራ ዘመን ይሰጥ። ሁለተኛ፣ በፕሬዚዳንቱና ገለልተኛ ሊሆኑ በሚገባቸው ተቋማት፣ በተለይ በማዕከላዊ ባንኩና በስታቲስቲክስ ቢሮው መካከል የሚደረግ ማንኛውም ግንኙነት በጽሑፍ እንዲመዘገብ ይገደድ፤ 12 ዓመትም ሳይጠብቅ ይከፈት። የወለድ ውሳኔ የጦር ዕቅድ አይደለም፤ ከሁለትና ሦስት ዓመት በላይ የሚቆይ ምስጢር የለውም። ሦስተኛ፣ ሰነድ ለሚመረምሩ ባለሙያዎች በቂ በጀት ይመደብ። የሚፈለገው ገንዘብ አንድ ዓመት ከሚዘልቅ የ12 በመቶ ግሽበት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ይህ ጉዳይ የአሜሪካውያን ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በፌብሩዋሪ 1945 በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ በተባለች መርከብ ከሩዝቬልት ጋር ተገናኝተዋል። በሜይ 1973 ደግሞ ስለ ጦር መሣሪያ ዕርዳታ ከኒክሰን ጋር ተነጋግረዋል። የእነዚህን ስብሰባዎች የአሜሪካ ወገን መዝገብ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ መጠየቅ ይችላል፤ ሕጉ የጠያቂውን ዜግነት አይመለከትም። በጠረጴዛው ማዶ የነበረውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሐሳብ፣ የአማካሪዎቹን ማስታወሻ፣ የተሰጠውንና የተነፈገውን ያነባል። የራሱን አገር መሪ ሐሳብ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው በሌላው ጸሐፊ ብዕር ተመዝግቦ ሲያገኘው ነው።

የኢትዮጵያ ነገሥታት ዜና መዋዕል ነበራቸው፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበራቸው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚል ሕዝብ የጽሑፍን ዋጋ አያጣውም። ይሁን እንጂ ዜና መዋዕል ንጉሡ እንዲታወስ የሚፈልገውን ይጽፋል፤ ማኅደር ደግሞ ገዥው እንዲረሳ የሚመኘውንም ይይዛል። አንደኛው የቤተ መንግሥት፣ ሁለተኛው የሕዝብ ነው። አሜሪካ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሻገር 189 ዓመት ፈጅቶባታል፤ ያሻገራትም የመሪዎቿ ደግነት ሳይሆን አንድ ቅሌትና እርሱን ተከትሎ የወጣ ሕግ ነው።

በዚያች የዲሴምበር ቀን በርንስ ስለ ወለድ ሲያበሥሩ፣ የሚያዳምጧቸው አንድ ሰው ብቻ ይመስላቸው ነበር። የተሻለ ሥርዓት ማለት የማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር ስልኩን ሲያነሣ ሕዝቡም አብሮ እንደሚሰማው አስቀድሞ የሚያውቅበት ሥርዓት ነው። ያን የሚያውቅ ሊቀመንበር ምናልባት ሌላ ነገር ይናገር ነበር፤ ምናልባትም ሌላ ነገር ያደርግ ነበር።