እንሰቱ ከጓሮ፣ ሰርቨሩ ከትምህርት ቤት

በትምህርት ቤቶቻችንና በዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮምፒዩተር ክፍሎች ውስጥ ‹‹ኢንተርኔት የለም›› የሚለው ቃል ‹‹ዛሬ ትምህርት የለም›› ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት ትርጉም ከያዘ ሰነባብቷል። መስመሩ ሲቋረጥ ተማሪው ይበተናል፤ መምህሩ ክፍሉን ይቆልፋል፤ ኮምፒዩተሮቹም አቧራ መከላከያ ጨርቃቸውን ለብሰው ይቀመጣሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ይህ መሆን የለበትም ብለን ነው። 20 ወይም 40 ኮምፒዩተር ያለው ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ባይኖረው እንኳ የራሱ መረብ ሊኖረው ይችላል፤ ሊኖረውም ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንድ አነስተኛ ሰርቨር እና እርሱን ተረክበው የሚጠብቁ ሰዎች። ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

ሰርቨር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስበትን፣ መብራቶች የሚያብለጨልጩበትን የባንክ ወይም የቴሌ ክፍል ነው። ነገር ግን ሰርቨር ማለት ለሌሎች ኮምፒዩተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒዩተር ማለት ብቻ ነው። የዓለማችን የመጀመሪያው የድረ ገጽ ሰርቨር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1990 ማብቂያ ላይ በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው ሰርን በተሰኘው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ኮምፒዩተር ነበር። ቲም በርነርስ ሊ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሐሳቡን ለማዕከሉ ሲያቀርብ የተነሣው ከአንድ ተራ የቤት ችግር ነው፤ ተመራማሪዎች መጥተው ሲሄዱ የሠሩት ሥራ መረጃ አብሮ ይጠፋ ነበር። ዛሬ ዓለምን ያጥለቀለቀው ድር የተጀመረው የአንድን ግቢ ዕውቀት በግቢው ውስጥ ለማስቀረት ነው ማለት ነው። በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ‹‹ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፤ እንዳታጠፉት!›› የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። ሠሪው በዚያን ጊዜ የፈራው ባለማወቅ ማብሪያ ማጥፊያውን የሚጫነውን ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ‹‹ፕላዝማ›› በሚል ስም የሚታወቀውን የሳተላይት ትምህርት መቀበል ጀምረው ነበር። በጎ ጎኑን አንክድም፤ አንድ ዓይነት ትምህርት ለከተማውም ለገጠሩም እንዲደርስ ታስቦ የተዘጋጀ ነበር። ሆኖም ትምህርቱ ከአንድ ማዕከል በተወሰነለት ሰዓት ይሠራጭ ስለነበር ያልገባው ተማሪ ‹‹ይቆየን፣ ይደገምልን›› ሊል አይችልም። መብራት ከጠፋም የዚያ ክፍለ ጊዜ ትምህርት አለፈ ማለት ነበር። ትምህርቱ በየትምህርት ቤቱ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ መምህሩ ባስፈለገው ጊዜ ያቆመው፣ ባስፈለገው ጊዜ ይደግመው ነበር።

ከሩቅ በሚመጣ መስመር ላይ ብቻ መደገፍ የሚያስከትለውን በኢንተርኔቱም አይተናል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች አስቀድመው ወጥተው ፈተናው ከተሰረዘ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮም በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጧል። የመዘጋቱን ምክንያት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ኮምፒዩተሮች መስመር ተዘጋ ተብሎ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ መለዋወጥ ካቃታቸው ጥፋቱ የአሠራራችን ነው።

መስመሩ ሳይቋረጥም ቢሆን ስሌቱ ብዙ ያስተምረናል። 40 ኮምፒዩተር ያለውና በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ የኢንተርኔት መስመር ያለው ክፍል እንውሰድ። መምህሩ 50 ሜጋባይት ማለትም 400 ሜጋቢት የሆነ የትምህርት ቪዲዮ እንዲመለከቱ ቢያዝ፣ በመስመሩ ማለፍ ያለበት 40 ሲባዛ በ400፣ ማለትም 16,000 ሜጋቢት ነው። ይህን ለ4 ስናካፍለው 4,000 ሰከንድ ወይም 67 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ቪዲዮው ሳይደርስ አበቃ ማለት ነው። ያው ቪዲዮ አንድ ጊዜ ብቻ ወርዶ በሰርቨር ላይ ቢቀመጥስ? ለማውረዱ 100 ሰከንድ ይበቃል። ሰርቨሩ በሰከንድ 1,000 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ ገመድ ከማከፋፈያው፣ ማለትም ከስዊቹ ጋር ቢገናኝ፣ ለ40ዎቹ ለማዳረስ በስሌት ደረጃ 16 ሰከንድ ይወስዳል። በተግባር የተለያዩ መዘግየቶች ስላሉ አምስት እጥፍ ቢሆን እንኳ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። ወርኃዊ ክፍያው ሳይጨምር፣ ትምህርቱ በሰዓቱ ይጀመራል።

ይህ አስተሳሰብ ለጌዴኦ ሰው አዲስ ሊሆን አይገባም። የይርጋጨፌ ቡና ስሙ በዓለም ገበያ የተጠራ ነው፤ ሆኖም ቡናውን ለገበያ የሚያወጣው ገበሬ እንሰቱን ከጓሮው አያጠፋም። የቡና ዋጋ በሩቅ አገር ይወሰናል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቆጮው ግን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ክፉ ቀን ያሳልፋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር የቆመው ረጃጅም ዛፎችን፣ ቡናንና እንሰትን በአንድ ማሳ አጣምሮ በሚይዝ እርሻ ላይ ነው። እኛ ኢንተርኔቱን በቡናው፣ የትምህርት ቤቱን ሰርቨር በእንሰቱ እንመስላለን። አንዱ ከዓለም ያገናኘናል፤ ሌላው መንገድ ሲዘጋ ቤት ያቆየናል። እንሰቱን ነቅሎ ቡና ብቻ የሚተክል አባወራ አስተዋይ ነው አይባልም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ማሽን አይደለም፤ በየስቶሩ ከተከመሩት ኮምፒዩተሮች በደኅና ይዞታ ላይ የሚገኝ አንድ፣ ሰፋ ያለ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ስዊችና ገመድ ነው። የመዳብ የመረብ ገመድ ከስዊቹ እስከ ኮምፒዩተሩ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በአየር ላይ የተዘረጋ የመዳብ ገመድ በዝናብ ወራት ለመብረቅ ስለሚጋለጥ በሕንፃዎች መካከል የፋይበር ገመድ ይመረጣል። ለሥርዓተ ክወናው እንደ ዴቢያንና ኡቡንቱ ያሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

ቀጥሎ የአድራሻ ድልድል ይመጣል። በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች ለየግል መረቦች የተተዉ በመሆናቸው ማንንም ማስፈቀድ አያሻም። ለሰርቨሩ የማይለወጥ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10 ይሰጠዋል፤ ለሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ዲኤችሲፒ የሚባለው አገልግሎት ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.200 ካለው ውስጥ ያድላቸዋል። በአንድ መረብ ላይ አዳዩ አንድ ብቻ መሆን አለበት። አንድ ሰው ለስልኩ ዋይፋይ ፈልጎ የራሱን ራውተር ቢሰካ ሁለት አዳዮች ይፈጠሩና ግማሹ ክፍል ከሰርቨሩ ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ ‹‹ቫይረስ ገባ›› ተብሎ የሚወራው ይኸው ነው። ተማሪዎች ቁጥር እንዳይሸመድዱም በዲኤንኤስ አማካይነት ለሰርቨሩ አጭር ስም ይወጣለታል።

በሰርቨሩ ላይ ምን ይቀመጥ? የመማሪያ መጻሕፍት፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችና የመምህራን ማስታወሻዎች ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል፤ የእንግሊዝኛው ሙሉ ቅጂ ከነሥዕሎቹ 100 ጊጋባይት አካባቢ ነው። ኮሊብሪ የተባለው ደግሞ የትምህርት ቪዲዮዎችንና መልመጃዎችን ያቀርባል። ይህ ሁሉ ግን ከውጭ የመጣ ዕውቀት ነው፤ የራሳችንስ? ተማሪዎች በየዕለቱ የሚለኩት የዝናብ መጠን፣ አረጋውያን ስለ አገር በቀል ዛፎች በጌዴኡፋ ሲናገሩ የተቀረጸ ድምፅ፣ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች የሠሩት የቤተ ሙከራ ዘገባ በዚያው ይቀመጥ። የዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪዎችም የቤት ሥራ አላቸው፤ ‹‹ፀሐይ›› ብሎ የሚፈልግ ተማሪ ‹‹ጸሀይ›› ተብሎ የተጻፈውንም እንዲያገኝ የሚያደርግ መፈለጊያ ይሥሩልን።

የኃይሉን ነገር የፊዚክስ ተማሪዎች ያሰሉት። በተለመደው ዩፒኤስ ውስጥ ያለው 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ በስሌት 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። 60 ዋት የሚወስድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር በዚህ ባትሪ 1.4 ሰዓት መሥራት ነበረበት፤ ከሚባክነው ኃይል የተነሣ በተግባር ከአንድ ሰዓት በታች ይቆያል። 6 ዋት የሚወስድ አነስተኛ የሰሌዳ ኮምፒዩተር ግን በተስማሚ መቀየሪያ ከባትሪው ቢመገብ፣ ግማሹን እንኳ ብንቀንስለት 7 ሰዓት ይሠራል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ልዩነት ሙሉ የትምህርት ቀን ነው። በማዘር ቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪም አትረሳ፤ እርሷ ስትሞት የኮምፒዩተሩ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የመዛግብቱም ቀን ሁሉ ይዛባል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በሁለት ቀን ተሠርቶ ሊያልቅ ይችላል። ፈተናው የሚመጣው ከምረቃው በኋላ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ያየነው ሰርቨር ምንም ብልሽት ሳይኖርበት ከተዘጋ ዓመት አልፎት ነበር፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ብቸኛ መምህር ተዛውሯል፤ የጻፈው ማስታወሻም አልነበረም። ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። ዕቃ ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፤ ጠባቂ ሲመደብ ግን ፎቶግራፍ የሚያነሣ የለም።

በመሆኑም የምንለው ይህ ነው። ሰርቨሩ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ የተማሪዎች ቡድን ይሰጥ። አንድ ኃላፊ መምህር ይኑር፤ ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል የተውጣጡ ተማሪዎች በየተራ ይጠብቁት፤ ታላላቆቹ ከመሰናበታቸው በፊት ታናናሾቹን ያሠልጥኑ። የተደረገው ለውጥ ሁሉ ከነቀኑና ከነሠሪው ስም በወረቀት መዝገብ ላይ ይጻፍ። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ በርእሰ መምህሩ ካዝና ይቀመጥ። የመረጃው ቅጂ በየወሩ በሌላ ዲስክ ተገልብጦ በሌላ ሕንፃ ይኑር። በውጭ አገር ለትምህርት በቆየንበት ቤተ ሙከራ ሰርቨሩን በየተራ የሚጠብቁት ተማሪዎቹ ነበሩ፤ ያን ሲያደርጉ የተማሩት ከብዙ ኮርስ የበለጠ ነበር። የዲላ ዩኒቨርሲቲም ከኮምፒዩተር ተማሪዎቹ ለየትምህርት ቤቱ ደጋፊ ቢመድብ፣ ተማሪዎቹ በወረቀት ብቻ የተማሩትን በእጃቸው ይነኩት ነበር።

‹‹ዛሬ ሁሉም በስልኩ ኢንተርኔት ይጠቀማል፤ ሰርቨር ለምን?›› የሚሉ አሉ። ስልክ ያለው፣ ለጥቅል መግዣ ገንዘብ ያለው፣ እውነት ነው፣ ይጠቀማል። የትምህርት ቤት ሥራ ግን የሌለውንም ማስተማር ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሰርቨር ይህን ብቻውን ይፈታል አንልም፤ መምህርን አይተካም፤ የተራበ ተማሪንም አያጠግብም። ነገር ግን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ይኸው ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጠው በፈተናው ዕለት የሆነ ልጅ የሚፈተነው በፊዚክስ አይደለም። በትምህርት ቤቱ መረብ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሲለማመድ የከረመ ልጅ ግን ሐሳቡን በጥያቄው ላይ ያደርጋል።

ውድ ተማሪዎች፣ በጀት እስኪመጣ፣ መስመር እስኪዘረጋ አትጠብቁ። በትምህርት ቤታችሁ ስቶር ውስጥ የተቀመጡትን ኮምፒዩተሮች ቁጠሩ፤ የሚሠሩትን ለዩ፤ መምህራችሁን አስፈቅዳችሁ ሁለቱን በገመድ አገናኙና አንዱ የሌላውን መዝገብ እንዲያነብ አድርጉ። መረብ የሚጀምረው ከሁለት ነው። በማሽኑም ላይ ‹‹ሰርቨር ነው፤ እንዳታጠፉት›› ብላችሁ ጽፋችሁ ለጥፉበት፤ ከሥሩም የዚያን ወር ተረኛ ጠባቂ ስም ጨምሩ።