«ለሦስት ሲካፈል» እና «ሦስት ሦስት»፦ መሠረታዊ የማካፈል ስሌት በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች

በደብረ ታቦር ገበያ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ድንች በመደብ የሚሸጥ የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ 24 ድንች ስድስት ስድስት ሆኖ ሲመደብ ስንት መደብ እንደሚወጣው ቢጠየቅ ሳያመነታ «አራት» ይላል። በማግሥቱ «24 ÷ 6» ተብሎ በጥቁር ሰሌዳ ሲጻፍለት ግን በደብተሩ ጠርዝ 24 ጭረት ይጭርና እየከበበ መቁጠር ይጀምራል፤ ቆጥሮ ሳይጨርስም ትምህርቱ ወደ ረጅም ማካፈል ያልፋል። በደቡብ ጎንደር ደጋ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ይህን ልጅ ያውቀዋል። ትናንት በገበያ የሠራውና ዛሬ በክፍል ያቃተው ስሌት አንድ መሆኑን ለልጁ የነገረው የለም።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ቴሬዚንያ ካራኸርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ በብራዚል ሬሲፌ ከተማ በጎዳና የሚሸጡ 5 ልጆች በሽያጭ ላይ ሳሉ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች 98.2 በመቶውን በትክክል መልሰዋል። ተመሳሳይ ስሌቶች በቁጥር ብቻ ተጽፈው ሲቀርቡላቸው ግን ትክክለኛው መልስ ወደ 36.8 በመቶ ወርዷል። የተጠኚዎቹ ቁጥር አነስተኛ ቢሆንም ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

በእኛ ዘንድ የችግሩ አንድ ምንጭ የክፍል ውስጥ አማርኛችን ነው ብዬ አምናለሁ። «12 ለ3 ሲካፈል» እንላለን። «ለ» ተቀባይን የምታመለክት ስለሆነች በልጁ አእምሮ የሚሣለው 12 ዳቦ ለ3 ሰዎች ሲታደል ነው። ውጤቱን «ድርሻ» ስንለውም ለአንዱ ሰው የሚደርሰውን ማለታችን ነው። በዚህ ላይ በመጽሐፍ «ተካፋይ» የሚባለው የሚከፋፈለው ቁጥር ሲሆን፣ በመንደር ግን ተካፋይ ማለት ድርሻውን የሚወስደው ሰው ነው። ለትልቅ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ ግን ዕንቅፋት ነው።

የገበያው ጥያቄ ሌላ መልክ አለው። በማከፋፈል የተቀባዮቹ ቁጥር ታውቆ የእያንዳንዱ ድርሻ ሲፈለግ፣ በመደብ ጊዜ ግን የአንዱ መደብ መጠን ታውቆ የመደቡ ብዛት ይፈለጋል። አማርኛ ለዚህም ቁጥሩን የሚደግም የራሱ አነጋገር አለው፤ «ስድስት ስድስት» ሲባል ልጁ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ሆኖም ይህ አነጋገር ወደ ሒሳብ ክፍል እምብዛም አይገባም። ፊሽባይንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1985 በጣሊያን ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በተፈጥሮ የሚቀድመው የማካፈል ግንዛቤ የማከፋፈሉ ሳይሆን እንደማይቀርና የመመደቡ ግንዛቤ በትምህርት እንደሚገኝ ገምተዋል። በትምህርት የሚገኘውን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ካልሰጠው ከወዴት ይመጣል? የድንች ሻጯ ልጅ ከገበያ ያገኘዋል፤ ሌላው ልጅ ሳያገኘው ያልፋል።

ጉዳቱ በላይኛው ክፍል ይገለጣል። «6 ለግማሽ ሲካፈል» ለሚለው ጥያቄ ተማሪው 3 ብሎ ይመልሳል፤ ለግማሽ ሰው ማደል የማይታሰብ በመሆኑ «ለግማሽ» የሚለውን «ለሁለት» አድርጎ ይረዳዋል። «6 ሊትር ዘይት ግማሽ ግማሽ ሊትር እየሆነ ቢቀዳ ስንት ጠርሙስ ይሞላል?» ቢባል ግን 12 ለማለት አይቸገርም። ስለዚህ መምህሩ «24 ÷ 6» የሚለውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «24 ለ6 ሲካፈል» ብቻ ሳይሆን «24 ውስጥ ስድስት ስድስት ስንት ጊዜ አለ» ብሎም ሊያነበው ይገባል። ይህ ገንዘብም ሥልጠናም የማይጠይቅ ለውጥ ነው።

ሁለተኛው የማልስማማበት ልማድ ቅደም ተከተሉ ነው። በተለመደው አካሄድ የማባዛት ሰንጠረዥ በጅምላ ዜማ ይሸመደዳል፤ ማካፈል ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ዜማው ግን ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። «ስድስት ጊዜ አራት ሃያ አራት» የሚል ልጅ፣ 24 ውስጥ ስንት 6 እንዳለ ሲጠየቅ ከ«ስድስት ጊዜ አንድ» መነሣት ግድ ይሆንበታል፤ አንድ የዳዊት መዝሙር ፈልጎ ከመጀመሪያው መዝሙር ማንበብ እንደሚጀምር ሰው መሆኑ ነው።

ይህን ስል ቃል ማጥናትን እያንቋሸሽሁ እንዳይመስል። ደብረ ታቦር የተክሌ አቋቋም፣ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት መገኛ በሆኑበት አገር ተቀምጦ ቃል ማጥናትን መናቅ አላዋቂነት ነው። ነገር ግን የድጓ ተማሪ ለየብቻው በመምህሩ ፊት ይቀጽላል፤ የሳተው እዚያው ይታረማል። በክፍል ውስጥ የጅምላ ዜማ የማያውቀው ልጅ ከሚያውቀው ጋር ድምፁን ቀላቅሎ ዓመቱን ይጨርሳል። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ድግግሞሹን ወርሰን እርማቱን ትተነዋል።

ከሰንጠረዥ ይልቅ ቤተሰብ እንዲጠና እመርጣለሁ። 4፣ 6 እና 24 አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ 4 × 6፣ 6 × 4፣ 24 ÷ 4 እና 24 ÷ 6 አብረው ይማራሉ። ከ2 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች ብንወስድ 64 የማባዛትና 64 የማካፈል ስሌቶች፣ በድምሩ 128 ይሆናሉ። በቤተሰብ ሲደራጁ ግን 36 ብቻ ናቸው፤ 28ቱ አራት አራት ስሌት ሲይዙ፣ ቁጥር በራሱ የሚባዛባቸው 8ቱ ሁለት ሁለት ይይዛሉ። ማካፈል ማባዛትን መጠበቅ አለበት የሚለውም እምነት ማስረጃ ያንሰዋል። ካርፔንተርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ጥናት፣ ሰንጠረዥ ያልተማሩ 70 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ቀላል የማካፈል ታሪኮች ቀርበውላቸው ነበር፤ ብዙዎቹም በመቁጠሪያ እየደረደሩ መፍታት ችለዋል። እዚህ አገር መቁጠሪያው ጠጠር ነው። ገበጣ የሚጫወት ልጅ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጠጠር ሲጥል ማደልን እየተለማመደ ነው፤ 12 ጉድጓድ አራት አራት ጠጠር ቢይዝ 48 መሆኑንም ለማየት ሩቅ አይደለም።

ቀሪም ቢሆን እንደ ስሕተት መታየቱ ቢቀር መልካም ነው። በባሕረ ሐሳብ የሚፈለገው ቀሪው ነው። 2018ን ከ5500 ጋር ደምረን 7518ን ለ4 ብናካፍል ድርሻው 1879፣ ቀሪው 2 ይሆናል፤ 2 ዘመነ ማርቆስ ነው። ድርሻውን ከ7518 ጋር ደምረን 9397ን ለ7 ስናካፍል 3 ይቀራል፤ መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ዋለ። ስሌቱ ለሕፃናት ይከብዳል፤ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ግን ማካፈል ምን እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

60 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ጠጠር ማሰራጨት ሁከት ይፈጥራል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት አለው። ቢሆንም ጠጠሩ የሚያስፈልገው አዲስ ቤተሰብ በሚጀመርበት ቀን ነው፤ በቀሩት ቀናት በየትምህርቱ መግቢያ ጥቂት ደቂቃ፣ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው እየተጠያየቁና እየተራረሙ መለማመድ ይችላሉ።

ጉዳዩን አስቸኳይ የሚያደርገው የጊዜ እጥረት ነው። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ተዘጉ፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተስፋፋው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ሲመለሱ የስምንትና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጆች በአንድ ክፍል መቀመጣቸው አይቀርም። የጠፋውን ገጽ በገጽ ለማካካስ ጊዜ የለም፤ 36 ቤተሰቦችን ግን በአንድ ዓመት መጨረስ ይቻላል።

ይህ ሐሳብ በአካባቢያችን ሊፈተን የሚችል ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ምድብ ተማሪዎችን፣ አንዱን በሰንጠረዥ ሌላውን በቤተሰብ፣ ለአንድ ወሰነ ትምህርት አስተምሮ ማነጻጸር ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው። መለኪያው የትክክለኛ መልሶች ቁጥር ብቻ እንዳይሆን ግን አደራ እላለሁ፤ ተማሪው «24 ÷ 6» ለሚለው አንድ የማደል፣ አንድ የመመደብ ታሪክ እንዲናገር ይጠየቅ።